ከባህር ዛፉ ስር ያለው ትልቅ ዛፍ ምንድነው? (ኦትዌይ፣ ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ)

ሜሪ_ፉትስክሬይ፦
ሰላም ቤቶች፣ ዛፍ የሚያውቅ ሰው ካለ እስቲ ተባበሩኝ። ቅዳሜ ከእህቴ ልጆች ጋር ኦትዌይ ሄደን ነበር፣ ከአፖሎ ቤይ አለፍ ብሎ ሜትስ ሬስት የሚባል ቦታ አለ፣ የጣውላ መንገድ ሰርተውለት በሱ ላይ ዞር ዞር ብለሽ ትወጫለሽ። ላይ ላዩን ያው የምናውቀው ባህር ዛፍ ነው፣ ወደ ሸለቆው ወረድ ስትይ ግን ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፣ ጨለም ያለ፣ እርጥብ፣ ግንዱም ቅርንጫፉም ሽበት ያበቀለ፣ እና እዛ ውስጥ አንድ ዛፍ አለ በጣም ግዙፍ፣ ቅጠሉ ግን የትንሽ ጣት ጥፍር ብታክል ነው! ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ቅርጹ ወደ ሶስት ማዕዘን ይሄዳል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ጫፍ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀይና ነሐስማ ቅጠል አለው፣ ከሩቅ ስታይው አበባ ነው የሚመስለው። ቅርንጫፉ ላይ ብርቱካንማ ድቡልቡል ነገርም አለ። ፎቶ አያይዣለሁ፣ ምንድነው ይሄ?

ጋሽ_እንጦጦ፦
ልጄ አስታ ነው እሱ። ባሌ ሃረና ብትወርጂ ልክ እንዲህ ሽበቱ ተንጠልጥሎበት ታገኚዋለሽ።

ጫካ_ሰው፦
ጋሼ ይቅርታ ያርጉልኝና አስታ አይደለም፣ ጫካው ሲታይ ግን ሃረናን ያስታውሳል እውነትዎን ነው። የአስታ ቅጠል ቀጭን መርፌ ነገር ነው፣ ይሄ ጠፍጣፋ ሆኖ አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ነው ቅርንጫፉ ላይ የሚወጣው።

ሜሪ ያየሽው ሚርትል ቢች ነው፣ በሳይንስ ስሙ ኖቶፋገስ ከኒንግሃሚ። ቪክቶሪያና ታዝማንያ ብቻ ነው ያለው፣ በዓለም ሌላ ቦታ በተፈጥሮ አይበቅልም። እኔ እዛው ታዝማንያ ደሴት ሆባርት ነኝ፣ ድሮ ወንዶ ገነት ደን ነበር የተማርኩት፣ እና ይሄን ዛፍ ካየሁ ጀምሮ ሚስቴ ራሱ ሰልችቷታል ስለሱ ሳወራ ሃሃ። ጥያቄ ካለሽ ጠይቂ።

ሜሪ_ፉትስክሬይ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እሺ ቀዩ ቅጠል ምንድነው? ሊረግፍ ነው እንዳልል አሁን ጸደይ ነው።

ጫካ_ሰው፦
ተቃራኒው ነው፣ ቀዩ አዲስ የወጣው ነው። ለጋው ቅጠል ሲወጣ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ነሐስማ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ቀለሙ አንቶሲያኒን የሚባለው ነው፣ ከዛ እየጠነከረ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፣ ሁሉን ባንዴ አያረግፍም። ቁመቱ በደህና ቦታ 30 እና 40 ሜትር ይሄዳል፣ ከዛም የሚያልፉ አሉ፣ ዕድሜው ደግሞ እስከ 500 ዓመት።

አበባው እንኳን ካልፈለግሽው አታይውም፣ ወንዴውና ሴቴው አበባ ተለያይተው ግን እዛው አንድ ዛፍ ላይ ናቸው፣ ንብ ምናምን አያስፈልገውም በነፋስ ነው የሚራባው። ፍሬው ከመሬት ለቀም ብታደርጊ ትንሽዬ አራት ቦታ የምትከፈት ሻካራ ቅርፊት አለች፣ ውስጧ ሶስት ፍሬ፣ ሁለቱ ሶስት ማዕዘን ናቸው፣ መሃል ያለው ጠፍጣፋ ነው፣ ሁሉም ጠርዛቸው ላይ ክንፍ ነገር አላቸው ግን ክንፉ የይስሙላ ነው፣ ሩቅ አይወስዳቸውም፣ አብዛኛው እዛው እናቱ ስር ነው የሚወድቀው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ሌላ ደግሞ ስሩን አይተሽ ከሆነ፣ አንዳንዱ ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር እንደቆመ ሆኖ ከስሩ ክፍት ነው። ዘሩ የወደቀ ግንድ ላይ ነው የበቀለው፣ ስሩን ግንዱን አሳቅፎ ወደ መሬት አወረደ፣ ግንዱ በስብሶ ሲያልቅ ባዶው ቦታ ቀረ።

ኪያ_23፦
እኔ ምለው ብርቱካኑ ነገርዬ ይበላል? ሲያዩት ከረሜላ ነው የሚመስለው በናታችሁ

ጫካ_ሰው፦
ይበላል። እሱ ፈንገስ ነው፣ ሲታሪያ ጉኒ ይባላል፣ እዚህ ሚርትል ኦሬንጅ ይሉታል፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ላዩ በስስ ሽፋን የተሸፈነ ነው፣ ሽፋኑ ሲቀደድ ድፍን ኳሱ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል፣ ዘሩን ከነዛ ጉድጓዶች ነው የሚበትነው። ቅርንጫፉ ላይ አብጦ የቆሰለ የሚመስል ቦታ ካየሽ ከዛ ነው የሚወጣው፣ በየዓመቱ እዛው። የታዝማንያ ነባር ሕዝቦች ይበሉት ነበር። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ይለጠጣል፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ጣዕም ፍለጋ ከሆነ ብዙ አትጠብቅ። ግን ኪያ ናሽናል ፓርክ ውስጥ መልቀም ክልክል ነው ሰምተሃል።

የሚገርመው የዚህ ፈንገስ ዘመዶች በሙሉ የሚኖሩት በኖቶፋገስ ዛፎች ማለት በዚህ ቢችና በዘመዶቹ ላይ ብቻ ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1830ዎቹ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ቲየራ ዴል ፉዌጎ ሲደርስ እዛም ቢች ላይ የተንጠለጠለ ተመሳሳይ ቢጫ ኳስ አገኘ፣ የአገሩ ሰዎች ሰብስበው ይበሉት ነበር፣ ዝርያው በሱ ስም ሲታሪያ ዳርዊኒ ተባለ። አስቡት እንግዲህ፣ በመሃል ሙሉ ውቅያኖስ አለ፣ በሁለቱም ዳር ያው ዛፍና ያው ፈንገስ።

ጋሽ_እንጦጦ፦
መልካም ነው፣ ተማርን። ግን ልጄ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አገሩ የባህር ዛፍ አገር አይደለም እንዴ? ባህር ዛፍ እኮ ሌላ ዛፍ አያስቀምጥም፣ እኛ ጋ ስሩ ሳር ራሱ አይበቅልም። ይሄ ታዲያ እንዴት ችሎት ኖረ?

ጫካ_ሰው፦
ጋሼ ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው! እኔም እዚህ ስመጣ ያስገረመኝ ይሄው ነው።

እኛ ነጭ ባህር ዛፍ የምንለው፣ በምኒልክ ጊዜ በ1890ዎቹ አዲስ አበባ የገባው፣ አገሩ እዚሁ ታዝማንያና ደቡብ ቪክቶሪያ ነው፣ ኦትዌይም አለ፣ ሜሪ መኪናዋን ያቆመችበት አካባቢ ሳይኖር አይቀርም። ከሱ ሌላ ማውንቴን አሽ የሚሉት ባህር ዛፍ አለ፣ ታዝማንያ ውስጥ 100 ሜትር የደረሰ ተለክቷል። እና እኛ ከዚህ አገር ባህር ዛፉን ወሰድን እንጂ ጎረቤቱን አላየነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባህር ዛፍ ችግኝ ጥላ ውስጥ አያድግም፣ ብርሃን ይፈልጋል፣ አመድ ያለበት ባዶ መሬት ይፈልጋል፣ ማለት እሳት ይፈልጋል። የሚርትል ቢች ችግኝ ግን ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተራውን መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ እሳት ከመጣ በኋላ ማውንቴን አሹ ባንዴ በቅሎ ወደ ላይ ይወነጨፋል፣ ቢቹ ከሸለቆው ቀስ እያለ ስሩ ይገባል፣ አንድ መቶ ሁለት መቶ ዓመት ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፣ ላይ ባህር ዛፍ ታች ቢች። ከዛ ለ400 ዓመት አካባቢ እሳት ካልመጣ ባህር ዛፉ አርጅቶ አንድ በአንድ ይወድቃል፣ የሱ ልጆች ጨለማው ውስጥ መብቀል አይችሉም፣ ጫካው በሙሉ የቢች ይሆናል። ጃክሰን የሚባል የታዝማንያ ሳይንቲስት ይሄን በ1968 ጽፎታል፣ አንድ ቦታ ላይ የትኛው ጫካ እንደሚቆም የሚወስነው እሳቱ በስንት በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ነው ብሎ፣ እስካሁን ሰው ይከራከርበታል ግን መሰረቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ባህር ዛፍ አያስቀምጥም የሚባለው እኛ አገር በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥ፣ ተጠጋግቶ የተተከለ ስለሆነ ነው። እዚህ በገዛ አገሩ የሚያስወጣው ዛፍ አለ፣ እሱም ቅጠሉ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል የማይሞላ ነው።

ጋሽ_እንጦጦ፦
እሱስ እሺ፣ ግን ባህር ዛፍን አታጣጥሉብኝ። አዲስ አበባ ቤት የሰራው፣ እንጀራ የጋገረው እሱ ነው። ቢችህ 400 ዓመት እስኪያድግ እናቴ በምን ትጋግር ነበር?

ኪያ_23፦
ጋሽ እንጦጦ 1 ጫካ ሰው 0 😂😂

ጫካ_ሰው፦
ሃሃሃ ጋሼ አላጣጣልኩም፣ እኔም በባህር ዛፍ ጭስ ነው ያደግኩት። ለማገዶ ማንም አይደርስበትም። ቢች እንጨቱ ሮዝማ ቀይ ነው፣ ለዕቃ፣ ለጠረጴዛ ነው እዚህ የሚወደደው።

ዋርበርተን_ዳር፦
እሳት ስትሉ እኔም ልግባ። እኔ ከሜልበርን ወደ ምስራቅ ያራ ሬንጅስ አካባቢ ነው የምኖረው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 የነበረውን እሳት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ሜልበርን ራሷ 46 ዲግሪ አልፋ ነበር፣ 173 ሰው ነው ያለቀው፣ ሜሪስቪል ከተማዋ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ነው የጠፋችው። ያን ጊዜ እሳቱ ሸለቆ ውስጥ ያሉትን የቢች ጫካዎችም ገብቶባቸዋል። ባህር ዛፉ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን በችግኝ አለበሰው፣ ቢቹ ግን ቅርፊቱ ስስ ነው፣ እሳቱ ቀለል ያለበት ቦታ ከስሩ ያቆጠቆጠ አለ፣ በደንብ የተቃጠለበት ቦታ ግን ደርቆ ነጭ ሆኖ ነው የቆመው።

እና ለቪክቶሪያ ልጆች፣ ኦትዌይ ከራቃችሁ ዋርበርተን አጠገብ ማውንት ዶና ቡዋንግ ላይ ሬይንፎረስት ጋለሪ የሚባል አለ፣ በብረት ድልድይ ቅርንጫፉ መሃል ያስገባችኋል፣ ቅጠሉን በአይናችሁ ትክክል ነው የምታዩት። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ቼክ አድርጉ፣ ማዕበል ከመጣ ይዘጉታል።

ቲቸር_ባዮ፦
ሰላም፣ ከባህር ዳር ነኝ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ኖቶፋገስ ቺሊና አርጀንቲና አለ፣ ኒውዚላንድ አለ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውጊኒ፣ ኒው ካሌዶኒያ አለ። ታዲያ አፍሪካ ለምን የለም? ጎንድዋና (ድሮ የደቡብ አህጉሮች ተያይዘው የነበሩበት ምድር) ውስጥ እኛም ነበርን እኮ።

ጫካ_ሰው፦
ቲቸር ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እኛ ቀድመን ወጣን ነው። አፍሪካ ከደቡብ አሜሪካ የተለየችው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው በግምት፣ የኖቶፋገስ የአበባ ብናኝ በደለል ውስጥ መታየት የሚጀምረው ደግሞ ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዛፉ ሲመጣ አፍሪካም ህንድም ሄደዋል። የቀሩት ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ ገና ተያይዘው ስለነበሩ በዛ በኩል ተዳረሰ። በነፋስ የሚራባ ስለሆነ ብናኙ በጣም ብዙ ነው፣ የብናኙም ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ በድንጋይ ውስጥ ይቆያል፣ ለዛ ነው ታሪኩ እንዲህ በደንብ የታወቀው።

አንታርክቲካ ውስጥ ራሱ ቢርድሞር የሚባለው ግግር በረዶ አጠገብ፣ 85 ዲግሪ ደቡብ ላይ ማለት ነው ዋልታው አፍንጫ ስር፣ የኖቶፋገስ ቅጠልና ጭራሮ ፎሲል ተገኝቷል። ቁጥቋጦ ሆኖ በረዶ ጥግ ይኖር የነበረ። ዕድሜው ስንት ነው በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች እስካሁን አልተስማሙም።

ዘሩ ሩቅ አይሄድም ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የምትመጣው። ባህር መሻገር የማይችል ዛፍ በአምስት ቦታ ከተገኘ መሬቱ ነው የተጓዘው ማለት ነው።

ሎጂክ_ብቻ፦
ቆይ ቆይ፣ ይሄ የድሮ መጽሐፍ ነው። በ2005 የወጡ የዲኤንኤ ጥናቶች እኮ ይሄን ነገር አፍርሰውታል። ኒውዚላንድ ከአውስትራሊያ የተለየችው ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፣ የኒውዚላንዱ ሲልቨር ቢችና የአውስትራሊያዎቹ የተለያዩት ግን ከዛ በጣም ዘግይተው ነው። አህጉር ከተለያየ በኋላ ዛፍ ከተለያየ ምን ማለት ነው? ዘር ባህር ተሻግሯል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ጫካ_ሰው፦
ትክክል ነህ፣ ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ግን አፍርሰውታል አትበል። ኒውዚላንድን በተመለከተ እሺ፣ አንዳንዱ የተሻገረ ነው። ደቡብ አሜሪካና አውስትራሊያን በተመለከተ ግን በአንታርክቲካ በኩል የነበረው የመሬት መንገድ አሁንም ይሰራል፣ እድሜውም አይጣላም። ሁለቱም ሆኗል ነው የሚባለው። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አንዴ ግንድ ተንሳፍፎ ወይ ማዕበል ዘር ወስዶ ሊሆን ይችላል፣ አንዴ ብቻ በቂ ነው።

ሎጂክ_ብቻ፦
እሱማ ነው እኔ ያልኩት። "ባህር መሻገር የማይችል" ስላልክ ነው።

ጫካ_ሰው፦
እሺ "በጣም የሚቸገር" በለው 😅 በነገራችን ላይ ጎግል ስታደርጉ ሎፎዞኒያ ከኒንግሃሚ የሚል ስም ካያችሁ አትደናገጡ ያው ነው፣ በ2013 ሁለት የኒውዚላንድ ሳይንቲስቶች ጂነሱን (ኖቶፋገስ የሚባለውን የዝርያዎች ቡድን) ለአራት ከፍለውታል፣ ኒውዚላንዶች ተቀበሉት፣ እዚህ ታዝማንያ ብዙው ሰው አሁንም ኖቶፋገስ ነው የሚለው።

ቲቸር_ባዮ፦
አመሰግናለሁ፣ ለክፍል የሚሆን ነገር ነው ያገኘሁት። ግን አፍሪካ ምንም አልቀራትም ማለት አይደለም አይደል? ዝግባ የፖዶካርፕ ቤተሰብ ነው፣ እሱ የጎንድዋና ቤተሰብ ነው ይባላል።

ጫካ_ሰው፦
ቲቸር ልክ ነህ! ዝግባችን ከዛ ቤተሰብ ነው፣ ያ ቤተሰብ ደግሞ ከኖቶፋገስ በጣም ይበልጣል በዕድሜ፣ ለዛ ነው አፍሪካ ሳትወጣ የደረሰው። እና እዚህ ታዝማንያ የዝግባ ዘመዶች ከዚሁ ቢች ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የቆሙት፣ ሂዩን ፓይን አለ ከ2000 ዓመት በላይ የሚኖር፣ ሴለሪ ቶፕ ፓይን አለ፣ ፓይን ይበሏቸው እንጂ ሁለቱም ፖዶካርፕ ናቸው። መናገሻ ሱባ ወይ ሙኔሳ ጫካ ገብተህ ዝግባ ስር ከቆምክ የዚህን ጫካ ግማሽ ቤተሰብ አይተሃል ማለት ነው። ልጆቹን እዛ ውሰዳቸው።

ኪያ_23፦
እኔ ቤቴ መትከል እፈልጋለሁ፣ ሰንሻይን ነው የምኖረው፣ ይሆናል?

ጫካ_ሰው፦
መሬት ላይ አልመክርህም። የሜልበርን ምዕራብ ደረቅ ነው፣ ይሄ ዛፍ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ይፈልጋል፣ በጋ ላይ ሰሜናዊው ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉን ጠብሶ ነው የሚያድረው። በአበባ ማሰሮ ይሆናል፣ ከሰዓት ጸሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው፣ አፈሩ ኮምጠጥ ያለና ውሃ የማያቁር ይሁን፣ ላዩን በቅጠል ሸፍነው። ቅጠሉ ትንሽ ስለሆነ ቦንሳይ (በትንሽ ማሰሮ የሚያድግ ድንክ ዛፍ) የሚሰሩ ሰዎች በጣም ነው የሚወዱት። ችግኙን አገር በቀል ተክል ከሚሸጥ ነርሰሪ ግዛ፣ ከጫካ ነቅለህ እንዳታመጣ፣ ቅጣትም አለው ደግሞም አይጸድቅልህም፣ ስሩ ላይ አብሮት የሚኖር ፈንገስ አለ፣ ስትነቅለው ያ ይቀራል።

ሜሪ_ፉትስክሬይ፦
ሌላም ጥያቄ ነበረኝ፣ ከመንገዱ ዳር አንዱ ዛፍ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ ደርቋል ግን አልረገፈም፣ እዛው ላይ ነው። ስሩ ደግሞ ግንዱ ላይ ስም የተቀረጸበት ነበር፣ "እንትናና እንትና" ምናምን። ተያያዥ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ጫካ_ሰው፦
ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ ሳይሆን አይቀርም። ሚርትል ዊልት የሚባል በሽታ አለ፣ ከላይ ካወራነው ብርቱካን የተለየ ፈንገስ ነው፣ አገር በቀል ነው ከውጭ የመጣ አይደለም። የሚገባው በቁስል ነው። ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ መኪና ሲገጨው፣ መንገድ ሲሰሩ ስሩ ሲቆረጥ፣ ሰው በቢላ ስም ሲጽፍ። ከገባ በኋላ ውሃ የሚያመላልሰውን የእንጨቱን ክፍል ይይዘዋል፣ ዛፉ በአንድ ሁለት ሶስት ዓመት ይደርቃል፣ ቅጠሉ ቶሎ ሳይረግፍ ቡናማ ሆኖ ይቆያል፣ ያልሽው ምልክት እሱ ነው። ከዛ ግንድ የሚበሳ ትንሽ ጥንዚዛ ይመጣና ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፣ ስሩ ላይ ነጭ ዱቄት ታያለሽ፣ ያ ዱቄት ራሱ በሽታውን በነፋስና በውሃ ይዞ ይሄዳል። ጎረቤት ዛፎች ስራቸው ከመሬት በታች ይያያዛል፣ በዛም ይተላለፋል፣ ለዚህ ነው አንዱ ከደረቀ ዙሪያውን ያሉት ተከትለው የሚሄዱት። ለቆመ ዛፍ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ቢላውን ቤት አስቀሩት፣ ከጣውላው መንገድም አትውረዱ።

ጋሽ_እንጦጦ፦
ስም የሚቀርጽ ሰው በያገሩ አለ ማለት ነው። እንጦጦም እንዲሁ ነው።

ዋርበርተን_ዳር፦
ጫካ ሰው፣ እናንተ ጋ ቅጠሉ የሚረግፈው ቢች መቼ ነው የሚታየው? ሚያዝያ የሚል ሰምቼ ነበር።

ጫካ_ሰው፦
አዎ ፋገስ ነው የምንለው፣ ኖቶፋገስ ጉኒ። ታዝማንያ ብቻ ነው ያለው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከቀዝቃዛ አካባቢ አገር በቀል ዛፎች ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን በሙሉ የሚያረግፍ እሱ አንዱ ብቻ ነው። ተራራ ላይ ነው፣ አብዛኛው ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ቁጥቋጦ፣ ቅርንጫፉ ተጠላልፎ እግር ያስራል። ቅጠሉ ክብ ሆኖ በየጅማቱ የተጨማደደ ነው፣ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዛ ብርቱካን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቀይ። ከአንዛክ ቀን ማለት ከኤፕሪል 25 ጀምሮ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው ደህናው ጊዜ፣ ማውንት ፊልድ ወይ ክሬድል ማውንቴን። ማውንት ፊልድ ከሆባርት ቅርብ ነው፣ ሌክ ፌንተን ድረስ በመኪና ይገባል፣ መንገዱ ጠባብ ፒስታ ነው፣ በረዶ ከጣለ ሊዘጉት ይችላሉ። ሳምንት ቀደም ብለህ ጻፍልኝ፣ ቀለሙ በየዓመቱ ይቀድማል ይዘገያል፣ ወጥቼ አይቼ እነግርሃለሁ።

ዋርበርተን_ዳር፦
እሺ ከአሁኑ ፈቃድ ልጠይቅ። ሜሪ አብረሽ ትሄጃለሽ?

ሜሪ_ፉትስክሬይ፦
እሄዳለሁ፣ የእህቴ ልጆች ግን ትምህርት ቤት ናቸው ያን ጊዜ። በአውሮፕላን ነው ወይስ በመርከብ? መርከቡ ከጂሎንግ ነው የሚነሳው፣ መኪና ይዘን ከሄድን አራት ሰው እንችላለን። ኪያ አንተስ?

ኪያ_23፦
ወጪው ስንት እንደሚመጣ ንገሩኝ እና እወስናለሁ። ጃኬት ያለው ያበድረኝ